ትብብሩ እንዳይታወቅ፦ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ የማሳሸግ ዝርዝር መመሪያ

ፔሰር የሚባል ድረ ገጽ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ የሚታየው እዚያ ነው። ማንም ሰው አካውንት ይከፍትና በገጽ 10 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰነድ ቢበዛ 3 ዶላር ከፍሎ ያነባል። በሦስት ወር ውስጥ ሒሳቡ ከ30 ዶላር ካልበለጠ እሷንም አይጠየቅም። እንግዲህ ወንድማችሁ ከሌሎች ጋር በፌዴራል ክስ ከቀረበ፣ አብሮት የተከሰሰው ሰው የአጎት ልጅ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ መዝገቡን ያገላብጣል ማለት ነው።

የታሸገ ሰነድ፣ ማለትም በዳኛ ትእዛዝ ለሕዝብ እንዳይታይ የተዘጋ፣ አይከፈትለትም። የመዝገቡን ቅርጽ ግን ያያል። ተራ ቁጥር 41 አለ፣ 43 አለ፣ 42 የለም። የሌሎቹ ተከሳሾች ቅጣት ተወስኖ አልቋል፣ የአንዱ ቀጠሮ ብቻ ይራዘማል፣ ይራዘማል። በየመሀሉ ዐቃቤ ሕጉና የእሱ ጠበቃ በጋራ ያስገቡት አጭር ሪፖርት አለ። ይህን ያየ ሰው ሰነዱን ማንበብ አያስፈልገውም። «ይሄ ልጅ ተናግሯል» ብሎ ይዘጋዋል። ትብብር የሚባለው ይኸው ነው፤ ተከሳሹ ስለ ሌሎች የሚያውቀውን ለዐቃቤ ሕጉ ሰጥቶ ቅጣቱ እንዲቀንስለት መስማማቱ።

ስለዚህ ማሸግ ሲባል ሰውየውን መሰወር አይደለም። መዝገቡ ከጎኑ ካለው መዝገብ ተለይቶ እንዳይታይ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይነሳል።

የምጽፈው ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ በተለይም ብዙ ሐበሻ ስለሚኖርባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ። የስቴት ፍርድ ቤቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አቤቱታውን የሚጽፈው ጠበቃው ነው። እናንተ ግን ምን እንደምትጠይቁት ካላወቃችሁ፣ ብዙ ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ዝርዝሩን ሊዘለው ይችላል።

አንደኛ፦ የጠበቃውን ገንዘብ ማን ከፈለ?

ማሸግ ሳይነሳ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ አንድ ልጅ ሲታሰር ገንዘብ ይሰባሰባል፤ መልካም ነው። አንዳንዴ ግን ትልቁን ድርሻ የሚያወጣው የዋናው ተከሳሽ ዘመድ ወይም ባለውለታ ነው። ከፋዩ በጠበቃው ሥራ ጣልቃ መግባት እንደማይችል የሙያው ሥነ ምግባር ይደነግጋል። ከፋዩ ግን «እንዴት ሆነ? ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የጠበቃው ዝምታ ራሱ ለሱ መልስ ይሆናል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ካለ ተከሳሹ ለጠበቃው በግልጽ ይንገረው። አቅም ከሌለው ፍርድ ቤቱ በነጻ እንዲመድብለት መጠየቅ ይችላል። የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ነጻ ናቸው ተብለው መናቅ የለባቸውም፤ ቀን ከሌሊት የሚሠሩት ፌዴራል ወንጀል ብቻ ነው። ጠበቃ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ለሁሉም በሚታይ አቤቱታ ላይ አይጻፍ። «ከጠበቃው ጋር መግባባት አልተቻለም» የሚል አጭር ቃል ይበቃል፤ ዝርዝሩ ለዳኛው ብቻ ይቀርባል።

በጎፈንድሚ ገንዘብ እየተሰበሰበ ከሆነ ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው «አዲስ ነገር» ይቁም። «የምሥራች፣ ቅጣቱ ሊቀንስለት ነው» የሚል አንድ መስመር፣ አስር የታሸገ ሰነድ የደበቀውን ያወጣዋል።

ሁለተኛ፦ ስጋቱን ማስረጃ ማድረግ

ዳኛ «እንፈራለን» ስለተባለ ብቻ መዝገብ አያሽግም። ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ፣ ምን አለ? ይህ ያስፈልጋል።

በቴሌግራም ማስፈራሪያ መጣ እንበል። መልእክቱን ገልብጣችሁ በራሳችሁ ቃል አትጻፉት። የላኪው ቁጥር ወይም ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። የድምፅ መልእክት ከሆነ ዋናውን ፋይል አስቀምጡ፤ ከስልኩም አታጥፉት። ትርጉሙን የቤተሰብ ሰው አይሥራው፤ ጠበቃው በሚያመጣው ተርጓሚ ይሠራ። «እናትህ ደህና ናት አይደል?» የሚለው አነጋገር በአማርኛ እንዴት ዛቻ እንደሚሆን አሜሪካዊ ዳኛ አይገባውም። ተርጓሚው ወይም ጠበቃው ከነአውዱ ሊያስረዳው ይገባል። የተሰበሰበው ሁሉ ለጠበቃው ይሰጥ እንጂ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ላይ የደረሰ ዛቻም ይቆጠራል። የአሜሪካ ዳኛ ትእዛዝ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ድረስ ሄዶ ሰው አይጠብቅም። ዛቻው ግን መዝገቡ ለምን ይታሸግ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው።

ይህ ማስረጃ ሌላም ጥቅም አለው። ዐቃቤ ሕጉ በቅጣት መመሪያው ክፍል 5ኬ1.1 መሠረት ቅጣት እንዲቀንስ ሲጠይቅ፣ ዳኛው ከሚያዩዋቸው ነጥቦች አንዱ ተከሳሹ ወይም ቤተሰቡ በመተባበሩ የደረሰባቸው ጉዳት ወይም አደጋ ነው።

ሦስተኛ፦ የሚታሸገውን መለየት

ብዙ ቤተሰብ «ሁሉም ይዘጋልን» ይላል። አይሆንም፤ ቢሆንም አይጠቅምም። ሙሉ በሙሉ የጠፋ መዝገብ ከሁሉ በላይ ያስጠረጥራል።

በተለምዶ የሚታሸጉት የትብብር ስምምነቱ፣ የቅጣት ቅነሳ አቤቱታው (5ኬ1.1 ወይም ከቅጣት በኋላ የሚመጣው የደንብ 35 አቤቱታ)፣ ስለ ትብብሩ የሚያወራው የቅጣት ማስታወሻ ክፍል፣ በችሎት ስለዚሁ የተባለው ቃል ግልባጭና የማሸጊያ አቤቱታው ራሱ ናቸው። ክሱ፣ ጥፋተኝነቱን ያመነበት ቃልና የተወሰነበት ቅጣት ክፍት ሆነው ይቆያሉ።

የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር አካል የሆነ ኮሚቴ ሰኔ 2016 ላይ ለፍርድ ቤቶቹ አንድ ምክር ልኮ ነበር። ተከሳሹ ተባበረም አልተባበረም፣ እያንዳንዱ የጥፋተኝነት ስምምነት የታሸገ አባሪ ይኑረው የሚል ነው። ለተባበረው አባሪው ስምምነቱን ይይዛል፤ ላልተባበረው «ምንም የለም» ይላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። በተግባር አንዳንድ ፍርድ ቤት ተቀበለው፣ አንዳንዱ ሕዝብ የማየት መብት አለው ብሎ ተወው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም ዘዴ የሚሻለው ይህ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መደበቂያ ራሱ ምልክት ይሆናልና።

ግሪንቤልትና ባልቲሞር የሚያስችለው የሜሪላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይህንኑ ይሠራበታል። እዚያ ስምምነት የፈረመ ሁሉ የታሸገ አባሪ አለው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው «አባሪው ታሽጓል፣ እንግዲህ ተባብሯል» ካላችሁ ስቷል። በዲሲና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ጉዳዩን የያዘው ዳኛ እንዴት እንደሚሠራ ጠበቃውን ጠይቁ።

አራተኛ፦ አቤቱታው

አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ችሎትና የችሎት ሰነድ መነሻው ክፍት መሆኑ ነው። ይህ መብት ከሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ይመነጫል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ፕሬስ-ኢንተርፕራይዝ በተባለው ጉዳይ መመዘኛውን አስቀምጧል። ሊጠበቅ የሚገባው ትልቅ ጥቅም አለ ወይ? ክፍት ቢሆን ጉዳቱ በእርግጥም የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው ወይ? ከማሸግ ያነሰ መፍትሔ ጠፍቷል ወይ? ማሸጉስ ከሚያስፈልገው አልሰፋም ወይ?

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሁለት ውሳኔዎች አሉ፤ ሁለቱንም ያስነሳው ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ነው። አንደኛው ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚመለከተው የ1986 ውሳኔ ነው። ለጋና ሰልሏል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ችሎት ያለ ማስታወቂያ ተዘግቶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የደኅንነት ስጋት ቢነሳም ሥርዓቱ መጠበቅ አለበት አለ። የዲሲው የ1991 ውሳኔም የጥፋተኝነት ስምምነት በመነሻው ክፍት ነው ብሏል። በሁለቱም መሠረት የማሸጊያ ጥያቄ መቅረቡ በመዝገቡ ላይ ይታያል፣ ሌላ ሰው የመቃወም ዕድል ያገኛል፣ ዳኛውም ምክንያቱን ለይቶ ይጽፋል።

ጥሩ አቤቱታ እንግዲህ እነዚህን ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ሰው የሚያየው ርዕስ ደብዛዛ ነው፤ «ሰነድ ለማሸግ የቀረበ አቤቱታ» ይላል፣ «ትብብር» የሚል ቃል አይገባበትም። ማስረጃው በታሸገው አባሪ ውስጥ ከነቀኑ ይቀመጣል። ሚስጥሩን መስመር ብቻ ሰርዞ ቀሪውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ለምን እንደማይበቃ ይጻፋል። ለምን ያህል ጊዜ እንዲታሸግ እንደሚጠየቅ ይገለጻል። «ለዘላለም» ያለ ጠበቃ ሙሉውን ሊያጣ ይችላል። «አብረውት የተከሰሱት ጉዳይ እስኪያልቅ፣ ከዚያም ፍርድ ቤቱ እንደገና ይየው» ያለ የተሻለ ዕድል አለው። የትእዛዝ ረቂቅም አብሮ ይግባ፤ ዳኛው የሚፈርሙበት ወረቀት ዝግጁ ሲሆን ነገሩ ይፈጥናል።

ችሎቱን ራሱን መዝጋት ሌላ ጉዳይ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ደንብ፣ ዐቃቤ ሕግ ችሎት ይዘጋ ብሎ ከመጠየቁ ወይም ከመስማማቱ በፊት ከምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ስለዚህ በሩ ይዘጋ ብላችሁ አትድከሙ። ከዚያ ይልቅ ስለ ትብብሩ የሚነገረው ዳኛው መድረክ ጋር ተጠግቶ እንዲሆን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ነሐሴ 2025 ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተዳደር በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሥርዓቱ ላይ የሳይበር ጥቃት እየበረታ መሆኑን ገልጾ ጥብቅ ሰነዶችን ይበልጥ እንደሚጠብቅ አስታውቋል። ከ2021 ጀምሮ እጅግ ሚስጥራዊ ሰነድ በወረቀት የሚገባበት አሠራርም አለ። ሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይ ከሆነ «በወረቀት ይግባልን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አምስተኛ፦ የችሎቱ ቀንና አስተርጓሚው

የእኛን ሰው ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በፈተና የምስክር ወረቀት የሚሰጡት ለስፓኒሽ አስተርጓሚ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ በሌላ መመዘኛ ይጠራል፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም የምታውቁት፣ ወይም የተከሳሾቹን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ሊመጣ ይችላል። አስተርጓሚው ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ አብዛኞቹም ቃላቸውን የሚጠብቁ ባለሙያዎች ናቸው። ቢሆንም ተከሳሹ ካልተረጋጋ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጠበቃው ቀደም ብሎ ስሙን ይጠይቅ። ትውውቅ ካለ ከሌላ ስቴት አስተርጓሚ እንዲመጣ ወይም በስልክ እንዲተረጎም ያመልክት። ከመርማሪዎች ጋር ለሚደረገው ስብሰባም እንዲሁ። የቤተሰብ ሰው ማስተርጎም የለበትም፤ ታናሽ እህት እንኳ ብትሆን።

አሁን አንዲት ትንሽ ነገር፣ ግን ልብ በሉ። ችሎት ውስጥ አስተርጓሚው በትንሽ ማይክራፎን ይናገራል፣ ተከሳሹ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። አብረው የተከሰሱ ካሉ እነሱም በዚያው ሞገድ ማዳመጫ ሊያደርጉ ይችላሉ። ዳኛው መድረክ ጋር ሲጠጉ ሌላው እንዳይሰማ ፍርድ ቤቱ ሹክሹክታውን የሚሸፍን ድምፅ ይለቃል። አስተርጓሚው ግን ማይኩን ሳያጠፋ ቢቀጥልስ? በጥሩ አማርኛ ሁሉም ጆሮ ይገባል። ጠበቃው «ማይኩ ይጥፋ፣ በጆሮው ይንገረው» ይበል።

ችሎቱ ካለቀ በኋላ የተባለው ቃል ተጽፎ ይወጣል። ግልባጩ ፔሰር ላይ የሚወጣው ከ90 ቀን በኋላ ነው። የግል መረጃ እንዲሰረዝ የሚፈልግ ወገን በ7 ቀን ያሳውቃል፣ በ21 ቀን ዝርዝሩን ያቀርባል። ይህ ደንብ የልደት ቀንንና የቤት አድራሻን የመሰለውን ነው የሚሸፍነው። ስለ ትብብር የተነገረውን ለማሸግ የተለየ አቤቱታ ያስፈልጋል፤ 90 ቀኑ ሳያልፍ።

ስድስተኛ፦ ወረቀት ወደ እስር ቤት አትላኩ

እስር ቤት ውስጥ አዲስ ገቢ «ወረቀትህን አሳይ» ይባላል። የሚፈለገው የመዝገቡ ዝርዝር፣ የቅጣት ችሎቱ ግልባጭ፣ ከቅጣት በፊት የሚዘጋጀው ሪፖርት ነው። በዚህ ምክንያት የፌዴራል እስር ቤቶች አስተዳደር እስረኞች ይህን ሪፖርትና የዳኛውን የምክንያት መግለጫ እጃቸው ላይ እንዳይዙ ይከለክላል። ማየት ከፈለገ እዚያው ሠራተኛው ፊት ያነበዋል።

እናንተ ቤት ያለውን ኮፒ «ይየው» ብላችሁ በፖስታ ብትልኩት፣ የታሸገውን በገዛ እጃችሁ ከፈታችሁት። ስልክም እንዲሁ። የቤተሰብ ስልክ ይቀዳል፤ በአማርኛ ማውራት አይሸፍንም። አጠገቡ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ሐበሻ ሊሆን ይችላል።

በየለቅሶ ቤቱና በየእድሩ ደግሞ ጥያቄ አይቀርም። አንዷ እናት ጠጋ ብላ «እህቴ፣ የልጅሽ ነገር እንዴት ሆነ?» ትላለች፤ በደግነት ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «ጠበቃው እንዳናወራ ብሎናል፣ ጸልዩልን።» ለዘመድም፣ ለጎረቤትም፣ ለነፍስ አባትም ጭምር። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከሚያውቁት ተከሳሽ ጋር አንድ እስር ቤት እንዳይገናኝ ጠበቃው ወይም ዐቃቤ ሕጉ ለእስር ቤቱ አስተዳደር የመለየት ጥያቄ ያቀርባል። ይህ ከመዝገብ ማሸግ ተለይቶ የሚጠየቅ ነገር ነውና እንዳይረሳ።

ሰባተኛ፦ እሽጉ የማይሸፍነውን ማወቅ

ተከሳሹ ሌላ ሰው ላይ ሊመሰክር ከሆነ ያ ሰው ማወቅ አለበት። ዐቃቤ ሕግ ለምስክሩ የገባለትን ቃል ለተከላካይ ወገን እንዲገልጽ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 በብሬዲ፣ በ1972 ደግሞ በጊሊዮ ጉዳይ ወስኗል። ዳኛው መረጃው በጠበቃው እጅ ብቻ እንዲቆይ፣ ኮፒውም እስር ቤት እንዳይገባ ሊያዙ ይችላሉ። ምስክሩ ወንበር ላይ የወጣ ቀን ግን ነገሩ አደባባይ ነው። ይህን ያልነገራችሁ ጠበቃ ካለ ጠይቁት፤ ቤተሰቡ ቤት ለመቀየርም ሆነ ለመዘጋጀት ጊዜ ያለው ከዚያ ቀን በፊት ነው።

ማርሻሎች የሚባሉት የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥበቃ መኮንኖች የሚያስተዳድሩት የምስክሮች ጥበቃ ፕሮግራም ከ1971 ወዲህ ከ19,000 በላይ ሰው፣ ቤተሰብን ጨምሮ፣ አስተናግዷል። አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ፣ ከዘመድ ጋር መለያየት ማለት ነው። ሰንበቴና ማኅበር ለለመደ ሰው ቀላል አይደለም፤ ቁጭ ተብሎ ይታሰብበት።

ስምንተኛ፦ ኢሚግሬሽን ካለ

ዜጋ ላልሆነ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስምምነቱ ሳይፈረም መግባት አለበት። ለሚተባበር የውጭ ሰው ኤስ ቪዛ የሚባል አለ። በዓመት 200 ለወንጀል፣ 50 ለሽብር ጉዳዮች ብቻ ነው፤ የሚያመለክተውም የሕግ አስከባሪው አካል እንጂ ተከሳሹ አይደለም። ቃል ካልተገባላችሁ አትቁጠሩት። አገሩ ቢመለስ የመንግሥት አካል እንደሚያሠቃየው ወይም ሲሠቃይ አይቶ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ሰው ግን ማሠቃየትን በሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ወንጀል መፈጸሙ ይህን አይዘጋበትም።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃው የትብብር ስምምነቱን ማስረጃ ብሎ ሊያያይዘው ይፈልጋል። ሰነዱ በዳኛ ትእዛዝ የታሸገ ከሆነ ያለ ዳኛው ፈቃድ አይወጣም። መጀመሪያ የወንጀል ጠበቃው ለዚያ ብቻ ፈቃድ ይጠይቅ።

ዘጠነኛ፦ ከወጣስ?

አፈትልኮ ከወጣ፣ ወይም ማስፈራሪያ ከመጣ፣ መልስ አትስጡ። ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ መጀመሪያ 911 ነው። ቀጥሎ ለጠበቃው፤ እሱ ለዐቃቤ ሕጉና ለመርማሪው ያሳውቃል። ምስክርን ለመበቀል ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ መዛት በፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ታሳሪው ከእስረኞች ተለይቶ እንዲቀመጥ በዚያው ቀን ይጠየቅ። የትኛው ሰነድ እንዳሾለከ ለማወቅ ጠበቃው የመዝገቡን ዝርዝር እንደ ማንኛውም ሰው በተራ የፔሰር አካውንት ከፍቶ ይየው፤ እናንተም ከነገ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ብታዩት ጥሩ ነው። የማሸጊያው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። ማራዘሚያው መጠየቅ ያለበት ከዚያ ቀን በፊት ነው።